ግሊበንክላሚድን በፒቪፒ አሟሟሁት፤ ክረምቱ ግን መለሰብኝ

ቀማሚ ከሄርማታ — ሐምሌ 19

ውድ የመድረኩ አባላት፣ ጤና ይስጥልኝ።

ጅማ ውስጥ የመድኃኒት ቅመማ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ሥራዬ ውኃ ውስጥ እጅግ በጥቂቱ የሚሟሟውን የስኳር በሽታ መድኃኒት፣ ግሊበንክላሚድን፣ ውኃ ወዳድ በሆኑ ፖሊመሮች (ረጅም ሰንሰለት ባላቸው ሞለኪውሎች) አማካይነት ቶሎ እንዲሟሟ ማድረግ ነው። ይህን መድኃኒት የመረጥሁት በሁለት ምክንያት ነው። የመጀመሪያው፣ የአንጀትን ግድግዳ ለማለፍ የማይቸገርና እንቅፋቱ መሟሟቱ ላይ ብቻ የሆነ፣ በባዮፋርማሲዩቲክስ ምደባ ሁለተኛው ክፍል ውስጥ የሚገባ መድኃኒት መሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የአንድ ኪኒን መጠኑ 5 ሚሊ ግራም ብቻ ስለሆነ አምስት እጥፍ ፖሊመር ብጨምርበት እንኳ ቅይጡ 30 ሚሊ ግራም ሆኖ ይቀራል።

በየካቲት ወር መድኃኒቱንና ፒቪፒ ኬ30 (ፖሊቪኒልፒሮሊዶን) የተባለውን ፖሊመር አንድ ለአምስት መዝኜ በሜታኖልና በዳይክሎሮሜቴን ቅልቅል አሟሟሁ፤ ፈሳሹንም በሮታሪ ኢቫፖሬተር አስወገድሁ። የቀረውን በቫክዩም ኦቭን አድርቄ፣ በሞርታር ፈጭቼ በወንፊት ነፋሁት። ያገኘሁት ዱቄት ነጭና እንደ በሶ የላላ ነበር። በማሟሟት ሙከራው ንጹሑ መድኃኒት ከላይ ተንሳፍፎ ሲቀር የእኔ ቅይጥ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሟሟ። በዚያ ቀን የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም።

ከዚያ በኋላ ዱቄቱን ክዳኑ በሚጠመዘዝ ጠርሙስ አድርጌ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥሁት፤ አልፎ አልፎም እየከፈትሁ ናሙና እወስድ ነበር። ባለፈው ሳምንት ለተጨማሪ ሙከራ ጠርሙሱን ስገለብጠው አልወረደም። በማንኪያ ስወጋው እንደ ረጋ ማር ተጎትቶ ወጣ። አድርቄና መልሼ ፈጭቼ ብሞክረውም ውጤቱ ከንጹሑ መድኃኒት ብዙም ያልተሻለ ሆነ። ጥፋቱ የፖሊመሩ ነው ወይስ የእኔ? ወደ ሌላው ፖሊመር፣ ፔግ 6000 (ፖሊኢትሊን ግላይኮል)፣ ብዞር ይሻላል? ጽሑፌን የማስረክብበት ጊዜ እየቀረበ ነውና ምክራችሁን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ሳጦ 7 — ሐምሌ 19

ወንድሜ፣ ጠርሙሱ ውስጥ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል አድርገህ ነበር? ካልነበረ ዱቄቱ ከየካቲት እስከ ሐምሌ የጅማን አየር ሲጠጣ ከርሟል ማለት ነው። በዚህ ወር የወጥ ቤት ጨው እንኳ ዕቃው ውስጥ ውኃ ያቋጥራል።

የቀድሞ መምህር — ሐምሌ 20

ልጄ፣ የገጠመህን በዝርዝር ስለጻፍህ አመሰግናለሁ። ብዙ ተማሪዎች የመጀመሪያውን ቀን ውጤት ብቻ ጽፈው ያስረክባሉ፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ዋናው ጥያቄ ግን የመጀመሪያው ቀን አይደለምና በደንብ እንነጋገርበት።

ኖይስና ዊትኒ እ.ኤ.አ. በ1897 በጀመሩትና ሌሎች ባሰፉት ሕግ መሠረት፣ አንድ ጠጣር የሚሟሟበት ፍጥነት የሚወሰነው ከፈሳሹ ጋር በሚነካካው የገጽታው ስፋትና ፈሳሹ ሊይዝ በሚችለው መጠንና አሁን በያዘው መጠን መካከል ባለው ልዩነት ነው። ስትፈጭ የምታሰፋው ገጽታውን ብቻ ነው። አንተ በፒቪፒ የሠራኸው ግን ከዚህ ያለፈ ነው፤ ክሪስታሉን ራሱን አፍርሰሃል። በክሪስታል ውስጥ ሞለኪውሎቹ በጥንቃቄ እንደተደረደረ ካብ ናቸው፤ ውኃው አንድ ድንጋይ ለማውጣት ጎረቤቶቹን ሁሉ መታገል አለበት። አሞርፈስ በሆነው ቅይጥ ውስጥ ካቡ ፈርሶ ድንጋዮቹ በፖሊመሩ መካከል ተበትነዋል፤ ስለዚህ ውኃው ያለ ብዙ ትግል ይወስዳቸዋል፤ ለጊዜውም ክሪስታሉ ሊሰጥ ከሚችለው በላይ መድኃኒት ፈሳሹ ውስጥ ይገኛል።

ይሁን እንጂ የፈረሰው ካብ ዕድሉን ባገኘ ቁጥር ተመልሶ መደርደር ይፈልጋል። የከፋና የጅማ ሰው ይህን ከማር ያውቀዋል፤ ማር ከሚገባው በላይ ስኳር የተሸከመ ፈሳሽ ነው፤ ቆይቶ የሚረጋውም ግሉኮሱ ተመልሶ ክሪስታል ስለሚሆን ነው። ፒቪፒ መድኃኒቱን እንዳይደረደር የሚይዘው በሁለት መንገድ ነው፤ በሃይድሮጂን ትስስር ያቅፈዋል፣ ራሱም እንደ መስታወት ደረቅ በመሆኑ ሞለኪውሎቹ እንዳይንቀሳቀሱ ያደርጋል። ደረቅ ፒቪፒ ኬ30 ከመስታወትነት ወደ ልስላሴ የሚያልፍበት ሙቀት፣ ግላስ ትራንዚሽን የሚባለው፣ 160 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ስለሆነ በደረቅ ጊዜ የሚያሰጋ ነገር የለም። ችግሩ ፒቪፒን ውኃ ወዳድ የሚያደርገው ያው ባሕርይ ከአየር ላይም ውኃ እንዲስብ ማድረጉ ነው። የገባው ውኃ ፖሊመሩን ያለሰልሰዋል፤ የልስላሴው ሙቀትም ወደ ክፍሉ ሙቀት ይወርዳል፤ መድኃኒቱም መንቀሳቀስ ይጀምርና ተመልሶ ይደረደራል። በማንኪያ የጎተትኸው እርሱን ነው። መልሰህ ስላደረቅኸው የተደረደረው ክሪስታል አይፈርስም፤ ውጤቱ ያልተመለሰልህም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ፔግ 6000 ጥያቄህ እመለሳለሁ። እ.ኤ.አ. በ1961 ሴኪጉቺና ኦቢ የተባሉት ጃፓናውያን ሰልፋታያዞልን ከዩሪያ ጋር አቅልጠው ሲያቀዘቅዙት መድኃኒቱ እጅግ የደቀቀ ክሪስታል ሆኖ እንደሚወጣና ቶሎ እንደሚሟሟ አሳይተው ነበር። የፔግ አሠራር ለዚህ ይቀርባል። ፔግ 6000 በ60 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ ስለዚህ ዋተር ባዝ ይበቃዋል። (ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውኃችን የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ መጽሐፍ ላይ የተጻፈውን 100 ዲግሪ ከዋተር ባዝ የምትጠብቁ ተማሪዎች ይህን አስቡበት።) ግሊበንክላሚድ ግን የሚቀልጠው 170 ዲግሪን አልፎ ነው፤ ስለዚህ በቀለጠው ፔግ ውስጥ ከፊሉ ይሟሟል እንጂ አይቀልጥም። ፔግ ራሱ አብዛኛው ክሪስታል ስለሆነ መድኃኒቱን አሞርፈስ አድርጎ የመያዝ አቅሙ ደካማ ነው፤ የሚጠቅመው ቅንጣቱን በማድቀቅና ውኃ እንዲነካው በማድረግ ነው። የመጀመሪያው ቀን ውጤትህ እንደ ፒቪፒው አያስደንቅም፤ ከመጀመሪያው ክሪስታል የሆነ ግን በክረምት ወደ ክሪስታል የሚመለስበት መንገድ የለውም፤ የሚጠበቅብህ ቅንጣቶቹ እንዳያድጉ መከታተል ነው።

የእኔ ምክር ግን ሌላ ነው። እርጥበትን ከፒቪፒ ያነሰ የሚስቡ ፖሊመሮችን ሞክር። ኮፖቪዶን የቫይናይል አሲቴት ክፍል ስላለው ከፒቪፒ ያነሰ ውኃ ይስባል። ከሴሉሎስ የሚሠራው ኤችፒኤምሲም (ሃይድሮክሲፕሮፒል ሜቲልሴሉሎስ) አለ፤ በንጹሕ ኤታኖል አይሟሟም፤ አንተ በተጠቀምህበት የሜታኖልና የዳይክሎሮሜቴን ቅልቅል ግን ይሟሟል። ኤችፒኤምሲ ሌላ ጥቅምም አለው፤ መድኃኒቱ ከሟሟ በኋላ በፈሳሹ ውስጥ ተመልሶ እንዳይዘቅጥ ያዘገየዋል። አንጀት መድኃኒቱን ለመውሰድ ጊዜ ያስፈልገዋልና በዐሥር ደቂቃ ሟሙቶ በሃያኛው ደቂቃ የሚዘቅጥ መድኃኒት ለታካሚው የሚያተርፍለት ጥቂት ነው።

ስለ ማሟሟት ሙከራህም አንድ ሥጋት አለኝ። 5 ሚሊ ግራም በ900 ሚሊ ሊትር ውስጥ ሙሉ በሙሉ ቢሟሟ እንኳ በአንድ ሚሊ ሊትር 5.6 ማይክሮ ግራም ብቻ ነው። ይህን በዩቪ (አልትራቫዮሌት) ብርሃን በ229 ናኖ ሜትር የምታነብ ከሆነ ፒቪፒ ራሱ በዚያ አቅራቢያ ብርሃን ይይዛል፤ ስለዚህ ባዶው (መድኃኒት የሌለበት) ማነጻጸሪያህ ፖሊመሩን በእኩል መጠን የያዘ መሆን አለበት። ማጣሪያህንም ተመልከት። እጅግ የደቀቀ ቅንጣት በወረቀት ማጣሪያ ያልፍና እንደሟሟ ይቆጠራል። ያጣራኸውን ፈሳሽ በጥቁር ወረቀት ፊት አንሥተህ እየው፤ እንደ አጓት ከደፈረሰ የለካኸው የሟሟውን ብቻ አይደለም።

የሆስፒታል ፋርማሲስት — ሐምሌ 21

መምህር ያሉትን እያከበርሁ ከመድኃኒት መስጫው መስኮት የሚታየውን ልጨምር።

የእርጥበቱ ነገር የቤተ ሙከራ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ለሚጥል በሽታ የምንሰጠው ካርባማዜፒን እርጥበት ሲያገኘው ውኃን በክሪስታሉ ውስጥ ይዞ ዳይሃይድሬት ወደሚባለው መልክ ይለወጣል፤ ኪኒኑም ይጠነክርና በሚገባው ፍጥነት አይሟሟም። በእርጥበት ምክንያት ከኃይሉ እስከ አንድ ሦስተኛ ሊያጣ እንደሚችል የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ያስጠነቀቀበት መድኃኒት ነው። አንዲት እናት የልጇን መድኃኒት ለማሳየት ይዛ መጥታ ነበር፤ ከማሸጊያው አውጥታ በፌስታል ቋጥራ ከምድጃው በላይ ሰቅላው ኖሯል። የምድጃው እንፋሎት ማታ ማታ ያገኘዋል። ልጁ እንደገና መውደቅ ጀምሮ ነበር። እናትየዋ አንድም ቀን አላሳለፈችበትም፤ ሰዓቱን ጠብቃ ነው የሰጠችው። ስለዚህ ወንድሜ፣ ቅይጥህ በታሸገ ጠርሙስ እንደሚቆይ ብቻ ሳይሆን ከተከፈተ በኋላ በሰው ቤት እንዴት እንደሚሆንም እንድታስብ እለምንሃለሁ።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይበልጥ ያሳስበኛል። ግሊበንክላሚድን በተሻለ ማሟሟት ማለት ለታካሚው ብዙ መድኃኒት በፍጥነት ወደ ደሙ ማስገባት ማለት ሊሆን ይችላል፤ ይህ መድኃኒት ደግሞ የደም ስኳርን አደገኛ በሆነ ደረጃ ሊያወርድ የሚችል ነው። በአሜሪካ ቅንጣቱ እጅግ የደቀቀው ዓይነት በ1.5፣ በ3 እና በ6 ሚሊ ግራም ሲቀርብ የተለመደው በ1.25፣ በ2.5 እና በ5 ሚሊ ግራም ይቀርባል። ሁለቱ በደም ውስጥ እኩል ስላልሆኑ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዛወር ታካሚ መጠኑ እንደ አዲስ ይስተካከልለታል። እዚያ የተደረገው ማድቀቅ ብቻ ነው፤ ያንተ ግን አሞርፈስ ነው። ምሳ ሳይበሉ መድኃኒት ውጠው ከገበያ ተደግፈው የመጡ አዛውንቶችን ተቀብያለሁና «ቶሎ ሟሟ» የሚለውን ቃል ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው «መጠኑስ?» ብዬ ነው። በጽሑፍህ ውስጥ ለዚህ አንድ ምዕራፍ ባይሆን እንኳ አንድ ገጽ ስጠው።

ከማምረቻ ክፍል — ሐምሌ 23

ጅማ ተወልጄ አሁን የምሠራው አዲስ አበባ በኪኒን ማምረቻ ውስጥ ነው። ስለ ፈሳሹ ማንም አላነሣምና ላንሣው። ዳይክሎሮሜቴን በመድኃኒት ውስጥ ሊቀር የሚፈቀደው እስከ 600 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 600 እጅ) ሲሆን ሜታኖል እስከ 3,000 ፒፒኤም ነው። አንዳንድ ተማሪዎች የሚጠቀሙበት ክሎሮፎርም ግን 60 ፒፒኤም ብቻ ነው የሚፈቀድለት። ዱቄቱ ደረቅ መስሎ ስለታየ ፈሳሹ ወጥቷል ማለት አይደለም። የቀረው ፈሳሽ ልክ እንደ ውኃው ፖሊመሩን ያለሰልሰዋልና የከሸፈው ቅይጥህ ከሁለቱም ተካፍሎ ሊሆን ይችላል። ሮታሪ ኢቫፖሬተሩ እየሠራ መብራት ጠፍቶብህስ እንደሆነ? ትነቱ መሐል ላይ ሲቋረጥ መድኃኒቱ ፋታ አግኝቶ ገና በፍላስኩ ውስጥ መደርደር ይጀምራል፤ እንዲህ ያለ ምርት ከተወለደበት ቀን ጀምሮ የክሪስታል ዘር ይዟል።

ፖሊመር በትክክል ሲመረጥ ምን እንደሚያደርግ ለማየት የኤችአይቪ መድኃኒቱን ካሌትራን አስታውሱ። ሎፒናቪርና ሪቶናቪር በለስላሳ ካፕሱል በነበሩበት ጊዜ ታካሚው በቀን ስድስት ካፕሱል ከምግብ ጋር ይወስድ ነበር፤ ማከማቻውም ማቀዝቀዣ ይፈልግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 መድኃኒቶቹ ከኮፖቪዶን ጋር በሙቀት ቀልጠውና ተገፍተው የተሠራው ኪኒን ሲጸድቅ በቀን አራት ሆነ፤ ማቀዝቀዣውም ቀረ፣ ከምግብ ጋር የመውሰዱ ግዴታም ቀረ። ፍሪጅ ለሌለው የገጠር ጤና ጣቢያ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሆኖም መንገዱ ለሁሉም መድኃኒት እንደማይሆን ዕወቁ። በጅማ ዙሪያ ለሚገኘው ቢልሃርዚያ የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል አንዱ ኪኒን 600 ሚሊ ግራም ነው፤ በኪሎ 40 ሚሊ ግራም ሲታሰብ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው አራት ኪኒን ይውጣል። ይህን አንድ ለአምስት በፖሊመር ብታደርገው አንዱ ኪኒን 3.6 ግራም ይሆናል፤ በአንድ ጊዜ የሚዋጠው ደግሞ ከ14 ግራም በላይ። ለልጆች መስጠቱን ተዉት፣ ለአዋቂም አይሆንም። እንዲህ ላለው መድኃኒት ትንሽ ፖሊመር ይዞ ማድቀቅ ይሻላል።

ሳጦ 7 — ሐምሌ 24

አንድ የቆየ ጥያቄ አለኝ። ፖሊመሩን ሁሉ ከውጭ ከምናስመጣ የእኛው ቡላ ይህን ሥራ ሊሠራ አይችልም? እርሱም ውኃ ወዳድ ነው።

የቀድሞ መምህር — ሐምሌ 24

ጥያቄው ተገቢ ነው። የእንሰት ስታርች ለኪኒን ማያያዣነትና መበተኛነት በሀገራችን ተመራማሪዎች ተጠንቶ ጥሩ ውጤት ታይቶበታል። ለዚህኛው ሥራ ግን መድኃኒቱና ፖሊመሩ በአንድ ፈሳሽ ወይም በአንድ ቅልጥ ውስጥ መገናኘት አለባቸው፤ ስታርች በሜታኖልም በዳይክሎሮሜቴንም አይሟሟም፣ ሳይቃጠልም አይቀልጥም። ስለዚህ መድኃኒቱን በሞለኪውል ደረጃ አቅፎ ሊይዝ አይችልም። አብሮ በመፍጨት የመድኃኒቱ ቅንጣት በስታርቹ ገጽ ላይ እንዲለጠፍና ውኃ ቶሎ እንዲነካው ማድረግ ይቻላል፤ ይህም ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ደፋር ተማሪ ቢያነሣው ደስ ይለኛል።

ቀማሚ ከሄርማታ — ነሐሴ 24

መምህር፣ እህታችንና ወንድሞቼ፣ በአንድ ወር ውስጥ የሠራሁትን ላሳውቃችሁ።

በመጀመሪያ ማነጻጸሪያዬ ጉድለት እንደነበረበት ተረዳሁ፤ ባዶው ፖሊመር አልነበረበትም። ፖሊመሩን ጨምሬ ስለካ የየካቲቱ ውጤት ጥቂት ዝቅ አለ፤ ከንጹሑ መድኃኒት ያለው ልዩነት ግን አሁንም ሰፊ ነው። ማጣሪያውንም ቀይሬ ባለ 0.45 ማይክሮ ሜትር አደረግሁ፤ በጥቁር ወረቀት ፊት ያየሁት የመጀመሪያው ፈሳሽ በእርግጥ ደፍርሶ ነበር።

የእርጥበት ክፍል ስላላገኘሁ ሁለት ዴሲኬተር (የውስጡ እርጥበት የሚወሰን ክዳን ያለው የመስታወት ዕቃ) አዘጋጀሁ። በአንዱ ሥር ሲሊካ ጄል አደረግሁ። በሌላው ሥር ደግሞ የሶዲየም ክሎራይድ የጠገበ ሙሙት አኖርሁ፤ ይህ ሙሙት በላዩ ያለውን አየር በ75 በመቶ እርጥበት ላይ ያቆየዋል። ጨውን ከሱቅ ሳይሆን ከቤተ ሙከራው ወሰድሁ፤ አዮዲንና ሌላ ነገር የተጨመረበት እንዳያሳስተኝ ብዬ ነው። በሁለቱም ውስጥ የፒቪፒውን፣ በኤችፒኤምሲ አዲስ የሠራሁትንና የፔግ 6000ውን ቅይጥ በክፍት የሰዓት መስታወት ላይ አስቀመጥሁ፤ ከጎናቸውም ሳይሟሙ ብቻ የተቀላቀሉትን ዱቄቶች አኖርሁ።

የፒቪፒው በአራተኛው ቀን ጠርዙ መስታወት መሰለ፤ በሳምንቱ ተጣበቀ። ክሪስታል በሚያበራበት በፖላራይዝድ ማይክሮስኮፕ ሳየው መጀመሪያ ጥቁር የነበረው ሜዳ በጥቃቅን የሚያበሩ ነጠብጣቦች ተሞልቷል፤ የተመለሰውን ክሪስታል በዓይኔ ያየሁት ያኔ ነው። በሲሊካ ጄሉ በኩል ያለው ወንድሙ ግን እስከ ዛሬ ጥቁር ነው። የኤችፒኤምሲው በ75 በመቶ እርጥበት ውስጥ ሆኖ እስከ ዛሬ ዱቄት ነው፤ በማይክሮስኮፑ የሚያበራ ነገር አላየሁበትም። ማሟሟቱ ከፒቪፒው የዘገየ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ያብጥና እንደ ልፋጭ ይሆናል፤ የደረሰበት ደረጃ ግን እስከ ሙከራው መጨረሻ አልወረደም። የፔጉ እንደተባለው ነው፤ አልተለወጠም፣ አላስደነቀም።

አንድ የሚያስቸግረኝ ነገር ቀርቷል። የኤችፒኤምሲውን ቅይጥ ከአንድ ለአምስት ወደ አንድ ለሦስት ባወርደው ልፋጩ ይቀንስልኛል፤ መድኃኒቱ ሲበዛ ግን የመደርደር ዕድሉም ይጨምራል። የትኛውን ልያዝ?

የቀድሞ መምህር — ነሐሴ 25

ልጄ፣ ሁለቱንም ያዝ። አንድ ለሦስቱን ዛሬ ሥራና ከአንድ ለአምስቱ ጎን በጨው ዴሲኬተሩ ውስጥ አስቀምጥ፤ የሚፈርደው እርሱ ነው። ልፋጩን ለመቀነስ ፖሊመሩን ከማሳነስህ በፊት ዝቅተኛ ቪስኮሲቲ (የፈሳሽ ውፍረት) ያለው ኤችፒኤምሲ ካገኘህ ሞክር፤ ያበጠው ሽፋን ቶሎ ይከፈታል። የሙከራህን ፈሳሽም እየው። ግሊበንክላሚድ ደካማ አሲድ ስለሆነ ፒኤቹ ከፍ ባለ ፎስፌት ቡፈር ውስጥ ያለ ፖሊመርም መሟሟቱ ይሻሻላል፤ በዚያ ብቻ ከለካህ በሁለቱ ቅይጦች መካከል ያለው ልዩነት ይሸፈንብሃል። ስለዚህ በ1.2ም በ6.8ም ፒኤች ለካ።

የሆስፒታል ፋርማሲስት — ነሐሴ 25

ከቻልህ ሌላ፣ ሦስተኛ የሚሆን ናሙናም ጨምር፤ ኪኒን አድርገህ እኛ በምንሰጥበት የወረቀት ከረጢት ውስጥ። ከረጢቱን እኔ አመጣልሃለሁ።

ቀማሚ ከሄርማታ — ነሐሴ 26

አንድ ለሦስቱ ዛሬ ጠዋት ገብቷል። ከረጢቱን ዓርብ መጥቼ እወስዳለሁ፤ የመጀመሪያውን ናሙና ጳጉሜን 1 ቀን እከፍታለሁ።